ያስታጠብኩት እጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለባሌም አልነገርኩትም፤ ሳይሰማው ሞተ። ለልጄ ለጸዳለማ በየት አፌ? አንድ ትሪ ላይ አብረን እየበላን፣ እሷ «እናቴ ደግ ናት» እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች። እኔ ደግ አይደለሁም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ነገ መንገድ ላይ ብታገኙኝ አትለዩኝም። መርካቶ፣ ቅቤ ተራ ከሚቀመጡት ሴቶች አንዷ ነኝ። አስካለ እባላለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ ተከራክሮ የረታኝ ደንበኛ የለም። ይኸው ምላስ አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ የሰው ኑሮ አፍርሷል። አጋነነች ትሉ ይሆናል። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ዘንድሮ በጾሙ እኩሌታ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ የጾም ምግብ ባዛር ተከፈተ። ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ነው አሉ። ከየሰፈሩ ባለሙያ የተባሉ ሴቶች ድንኳን ተተክሎላቸው፣ አንዱ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ቅመሱ፣ ግዙ እያለ ይለፈልፋል። እኔ መሄድ አልፈለግሁም ነበር። በጾም መሃል ገበያዬ ይቀዘቅዛል፤ እግሬን ዘርግቼ የማርፍበት ጊዜ ነው። ጸዳለ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ከቅቤ ሌላ ነገር ሽተቺ ብላ እየሳቀች የጎተተችኝ።

ሄድኩ። ደስም አለኝ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ? ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ በዘይት የተጠበሰው የሽምብራ አሳ፣ ንፍሮው… ልጅነቴን አውጥተው ፊቴ የዘረገፉልኝ መሰለኝ። እናቴ ከራጉኤል ቅዳሴ ስንወጣ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የምትሰጠኝ ቆሎ ትዝ አለኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ተደርድረን ተልባ ስንጠጣ፣ አፋችን ዙሪያ የቀረውን እያየን ስንሳሳቅ ትዝ አለኝ። ጸዳለን ይህን ቅመሺ፣ ያን ቅመሺ እያልኩ ከድንኳን ድንኳን ሳዞራት እኔው ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

ከዚያ ያ ሽታ መጣ።

መጀመሪያ አፍንጫዬን የወጋኝ ሰናፍጩ ነው። ስልጆ ነው አልኩ፤ ስልጆ ደግሞ በጾም የማይሸትበት ቦታ የለም። ከሥሩ ግን ኮሰረት ነበረበት። ኮሰረት ሰው ቅቤ ሲያነጥር የሚጨምረው ቅጠል ነው። ስልጆ ውስጥ የሚጨምር ሰው በዕድሜዬ ያወቅሁት አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከጸዳለ ኋላ ቀርቼ ቆምኩ። ጸዳለ ምን ሆንሽ ስትለኝ ፀሐዩ ነው አልኳት። ዞሬ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን ሽታውን ይዞ ሄደ። በደለኛ ሰው ከበደሉ ይሸሻል የሚሉት ውሸት ነው፤ እኔስ ተጎትቼ ነው የሄድኩት።

አሁን ስለዚያች ሴት ልንገራችሁ።

እትዬ ወለቴ እንላት ነበር። ከጉራጌ አገር፣ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች ናት። ሰፈራችን ያለውን ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ ታደሰን ስታገባ ክርስትና ተነሣች፤ ስሟም ወለተ ሥላሴ ተባለ። ጾሙን ከእኛ ይልቅ አጥብቃ ትጾማለች። በጾም ወራት ራጉኤል በር ላይ ተቀምጣ ስልጆ ትሸጣለች። ስልጆ ዝም ብሎ የሚሠራ ነገር አይምሰላችሁ። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውሃ በስሎ፣ በርዶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት እስኪብላላ ድረስ እንደ አራስ ልጅ ይጠበቃል። የእሷን የቀመሰ የሌላ አይበላም። ታዲያ ሰዉ ስልጆዋን ይገዛታል እንጂ ማኅበር ሲደገስ አይጠራትም። ከጀርባዋ «የትናንት ክርስቲያን» ይሏታል። ታውቃለች። ዝም ትላለች።

ያን ዓመት የማኅበሩ ተራ እናቴ ላይ ደረሰ። ጊዜው ጾም ነው፤ ሁዳዴ ሊያልቅ ተቃርቧል። እናቴ አንደበቷ ሻካራ ነው፣ ልቧ ግን ቀጥ ያለ፤ ማንንም ሳታማክር ስልጆውን ወለቴ ትሥራው አለች። ሴቶቹ ተያዩ። እናቴን ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም። እትዬ ወለቴ ስትሰማ ደጃችን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሙሉ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረቻት፤ ቀሚሷን ይዛ፣ እናቷ ለምን እንደምታለቅስ ሳይገባት አብራ ታለቅሳለች። ለእኛ አንድ ማሰሮ ስልጆ ነበር። ለእሷ ግን ከሰው መቆጠር ነበር።

እኔስ ያኔ ማን ነበርኩ? ልጅ ነበርኩ ብዬ ላመልጥ አልችልም። የታጨሁ ኮረዳ ነኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። እጮኛዬ የላከልኝን የብር ቀለበት ጣቴ ላይ አድርጌ፣ ቅቤ ስመዝን እንኳ አላወልቀውም፤ ሰው እንዲያይልኝ ነዋ! የእጮኛዬ እናት የማኅበሩ አባል ናት። ያን ቀን ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ እንዴት እንደማስተናግድ፣ እንዴት ጎንበስ እንደምል ልታይ ነው የምትመጣው።

ጠዋት እትዬ ወለቴ ማሰሮውን አምጥታ ጓዳችን አስቀመጠች። ስትመለስ በቅቤ ተራ አለፈችና ለፋሲካ የሚሆናትን ቅቤ ከእኔ ገዛች፤ በኮባ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በጾም ቅቤ መግዛት ነውር የለበትም። ፋሲካ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ ይገዛል፤ እኛ የምንኖረውም በዚያ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን እናቴ ያወጣችው ሕግ አለ። በጾም ከገበያ የመጣ ሰው በሙቅ ውሃና በሳሙና እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ጓዳ አይገባም። ያንን ሕግ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ያን ቀን ግን ከገበያ ስመለስ ሩጫ ነበር። ዳሱ አልተጎዘጎዘም፣ ጠላው አልተቀዳም፤ እጄን በጨርቅ ጠረግሁና ጓዳ ገባሁ። ማሰሮው ጥግ ላይ ነው፤ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ሽታው ደግሞ አንጀት ይበላል። ጨርቁን ፈታሁ። ሁለት ጣቴን ነክሬ ላስኩ። ደግሜ ነከርኩ። ያኔ ነው ቀለበቴን ያየሁት። በቀለበቴና በጣቴ መሃል ከጠዋት ጀምሮ የተጎሰጎሰ ቅቤ ነበር፤ አይቼው፣ በኋላ አወጣዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን የለም። ማሰሮው ውስጥ ቀርቷል።

በጭልፋ ፈለግሁት። ስልጆ ወፍራም ነው፤ ሳማስለው ጭራሽ ወደ ውስጥ ሰመጠ። እግር ኮቴ ሰማሁ። ላዩን አስተካከልኩ፤ ጨርቁን እንደነበረው አሰርኩት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ማንም እጄን ይዞ አላሳሰረኝም።

መናገር አልችልም ነበር? «እማዬ፣ ስልጆው ይቅር» ብል በቃኝ ነበር። እናቴ በጥፊ ትለኝ ነበር፤ ከዚያም ማሰሮው ተደፍቶ ሽሮ ይቀርብ ነበር። ግን የእጮኛዬ እናት ልትሰማ ነው። ያልተባረከ የማኅበር ምግብ ውስጥ እጇን የምትከት፣ ያውም ሳትታጠብ፣ ያውም የጾም መፍቻው ሰዓት ሳይደርስ… ይቺን ልጅ ነው ለልጄ የማመጣው ልትል ነው። ምናልባት ማንም አያገኘውም አልኩ። ለዚህ ስል ያ ሁሉ ሰው ሳያውቅ ጾሙን ይግደፍ አልኩ። አልኩ እንጂ!

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወለቴ መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ። ሙሉንም አሳምራ ይዛታለች። ስልጆውን በእጇ ልታቀርብ ነው። ወደ ዳሱ ሳትገባ እኔን ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«አስኩዬ፣ አስታጥቢኝ። ጠዋት ቅቤ ነክቻለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን ይዤ አፈሰስኩላት። እስከ ክርኗ በሳሙና ታሸች፣ በጥፍሮቿ መሃል ሳይቀር። እንደገና አፍስሺ አለችኝ፤ አፈሰስኩ። ከዚያ እጆቿን ወደ አፍንጫዬ አቀረበቻቸው፤ አንቺ ቅቤ ታውቂያለሽ፣ እስኪ አሽትቺኝ አለች። አሸተትኩ። ሳሙና ብቻ ነበር። «አይሸትም እትዬ» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ቅቤ የነካው የእኔ እጅ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ነበር።

ገበታው ቀረበ። ሰዉ መብላት ጀመረ፤ ስልጆውን የቀመሰ ሁሉ እጇን ይባርከው ይላል። እትዬ ወለቴ ጭልፋውን ይዛ ቆማ ፊቷ በርቷል። እኔ ጠላ እየቀዳሁ የሰውን አፍ ብቻ አያለሁ። አንዱ በጎረሰ ቁጥር እስኪውጥ ድረስ መቅዳቱን አቆማለሁ። ማሰሮው እየጎደለ ሲሄድ አለቀ፣ ተረፍኩ ማለት ጀመርኩ።

የንስሐ አባታችን ጎርሰው ቆም አሉ። አላኘኩም፤ አልዋጡም። ጉርሻውን ቀስ ብለው መሃረባቸው ላይ አወጡት። በጣታቸው ከመሃሉ የሆነ ነገር ለይተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ወሬ አንድ በአንድ ጠፋ።

«ቅቤ ነው» አሉ፣ በቀስታ።

 ከዚያ አንዷ ተነሥታ አፏን ልትጉመጠመጥ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አንዲት አሮጊት በደረታቸው ላይ አማተቡና ማልቀስ ጀመሩ፤ ይህን ያህል ዓመት ጾሜ ዛሬ ሊያልቅ ሲል አስገደፈችኝ እያሉ። ሌላዋ እኔ ድሮም ስልጆዋ የቅቤ ሽታ አለው ብያለሁ አለች። ኮሰረቱን ነው! ትናንት ጣት የሚያስልስ የነበረው ኮሰረት ዛሬ ምስክር ሆነባት። ከጥግ ደግሞ አንዱ «የትናንት ክርስቲያን፣ ሆን ብላ ነው» አለ። እሱን ማን እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን የእሱ ኃጢአት የእኔን አያቀለውም።

እትዬ ወለቴ አልጮኸችም። ታጥቤአለሁ አለች። ከዚያ ዓይኗ እኔን ፈለገኝ። «አስካለ ናት ያስታጠበችኝ፤ ጠይቋት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የእጮኛዬ እናት ዞረች። እናቴ ጠየቀችኝ፦ ስትታጠብ አይተሻል?

«አላየሁም» አልኩ።

ይህቺው ናት። አንዲት ቃል ናት። ለምን እንዲህ አልኩ? አዎ ብል፣ ታዲያ ቅቤው ከየት መጣ ሊባል ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ እጅ ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ አእምሮዬ ለክፋት ሲሆን እንዴት ፈጣን እንደሆነ አየሁት። እትዬ ወለቴ ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። አየችኝ፤ ቀጥሎ የገዛ እጆቿን አየቻቸው፤ አገላብጣ፣ ከዚህ በፊት እንዳላየቻቸው ሁሉ። ልጇ ሙሉ ቀሚሷን ይዛ ነበር።

የንስሐ አባታችን ለሁላችንም ስግደት አዘዙ፤ ማንም ሴትዮዋን ክፉ እንዳይናገራት አስጠነቀቁ። ማንም አልተናገራትም። እንዲያውም ማንም አላናገራትም። በማግስቱ ራጉኤል በር ላይ ማሰሮዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ሰዉ በሌላው በኩል ዞሮ ገባ። በሚቀጥለውም ቀን። በኋላ መምጣቱን ተወችው። ባሏ አልፈታትም፤ ዳሩ ግን እሱም ዝም አለ፤ ዝምታው ከፍቺ የከፋ ነበር አሉ ጎረቤቶቻቸው። ከፋሲካ በኋላ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ኮልፌ ሄዱ። ያን ሰሞን እኔ ተሞሸርኩ፤ አማቴ ሳመችኝ፤ ጨዋ ልጅ አገኘሁ አለች።

ንስሐ ለመግባት ስንት ጊዜ ተነሣሁ። ግን ንስሐ አባቴ ያንን ጉርሻ የጎረሱት ሰው ናቸው። ፊታቸው ቀርቤ ምን እላለሁ? ከዛሬ ነገ ስል እሳቸውም አረፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደረ ሸተተ እንጂ አልጠራም።

እንግዲህ በባዛሩ ሽታውን ተከትዬ የደረስኩበት ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች። ቁመቷ፣ ጭልፋ አያያዟ እትዬ ወለቴን ነው። እጄን ወደ ሳህኑ ስዘረጋ ፈገግ ብላ ከለከለችኝ፤ እዚህ ማንም ሳይታጠብ አይቀምስም፣ የእናቴ ሕግ ነው አለች። ማንቆርቆሪያ አንሥታ አፈሰሰችልኝ። ውሃው በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ቀለበቱን አየሁት። ያው ቀለበት ነው፤ ወፍሬበት አይወጣልኝም።

ቀና ብላ አየችኝና እናትዎን ቁርጥ፣ የቅቤ ተራዋ እትዬ አስካለ አይደሉም እንዴ አለችኝ። ነኝ አልኩ። ሙሉ ነኝ አለች፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አንገቴ ላይ!

ጸዳለ እየሰማች፣ ሙሉ ስለ እናቷ ነገረችን። ካቻምና ነው የሞተችው። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቷ የነበረውን ሸክላ ሁሉ ሰበረች። ከእኔ የገዛችውን ቅቤም ከነኮባው ቀበረችው። ለፋሲካ እንኳ ቅቤ ቤቷ አልገባም፤ ዶሮዋን በዘይት ትሠራ ነበር፤ ሙሉም እስከ ዛሬ እንዲሁ ናት። በእኔ እጅ ነው ያ ሁሉ ሰው ጾሙን የገደፈው እያለች እናቷ በየዓመቱ ትሰግድ ነበር። የሚቀጥለውን ሙሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም።

«ታጥቤ ነበር ትላለች። ደግሞ ትመለስና፣ ያቺ ልጅ አላየሁም ብላለች፣ ያቺ ልጅ ደግሞ አትዋሽም፤ የታጠብኩት በሕልሜ ይሆናል ትላለች። ስትሞትም ውሃ አፍስሱልኝ እያለች ነው፣ እጇን ዘርግታ።»

እዚያ ቆሜ ነበር። አፌ ነበረኝ። ሙሉ ፊት ለፊቴ፣ ጸዳለ ከጎኔ። አሁን ተናገሪ ያለኝ ድምፅ ሩቅ አልነበረም። ሙሉ ግን ቀደመችኝ፤ ስልጆ በእንጀራ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ሁልጊዜ ፍርሃት አለብኝ፣ ቅቤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እስኪ ቅመሱልኝ፣ አለበት ወይ አለችኝ። ጎረስኩ። ልጅነቴ፣ ራጉኤል፣ እናቴ፣ ያ ጓዳ፣ ሁሉም በአንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ገባ። እንባዬ ወረደ። ጸዳለ ሳቀች፤ ሰናፍጩ ነው አለች።

«የለበትም» አልኩ።

ሙሉ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። እግዜር ይስጥልኝ አለች፤ እማዬ ይህን ብትሰማ አለች። ያንን ሁሉ ዓመት ሊነገር የሚገባውን ቃል ለልጅቱ ተናገርኩ፤ ያለ ቦታው፣ ያለ ጊዜው፣ ዋናውን አስቀርቼ። ትንሽ ማሰሮ ሙሉ ስልጆም ሰጠችኝ፤ በእናቴ ስም ይዘው ይሂዱ ብላ።

ጸዳለ ጠርጋ በላችው። እኔ አልቀመስኩትም። ማሰሮዋን አጥባ መደርደሪያ ላይ ደፋቻት። በየእሁዱ፣ እማዬ፣ የሰው ዕቃ እንመልስ እንጂ ትለኛለች። የኮልፌ ቤቷን ሙሉ ነግራታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ አንድ ነገር ይደረግበታል። እኔ ለሰው ሁሉ የማደርገው ቅቤ ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ቅቤ አይገባም፤ ያስከለከልኩት እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ እናንተ ይቅር ብትሉኝ የእትዬ ወለቴ እጅ አይነጻም። ሙሉ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትማ። እዚያች ማሰሮ ውስጥ መመለስ ያለበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቅስ ከዚያን ቀንም ጀምሮ አውቅ ነበር። ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ለማያውቀኝ ሰው መንገር ቀላል ነው። ማሰሮዋ ግን ይኸው እኔ ቤት ናት።